ዶሮ ወይስ የሕዋስ ሳህን?

በ1930 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው አልኮል ያለበት የዝንጅብል መድኃኒት ይጠጣ ነበር። ከዚያ ትራይ ኦርቶ ክሬሲል ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ተቀላቀለበትና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ሰለለ።

የዚህ መርዝ ክፋቱ መዘግየቱ ነው። ዛሬ ተጠጥቶ እግር የሚይዘው ከሳምንታት በኋላ ነው። አይጥ ላይ ደግሞ ምልክቱ በግልጽ አይታይም። ዶሮ ላይ ግን ይታያል! ስለዚህ አንድ ኬሚካል እንዲህ ያለ መርዝ መሆኑን ለማወቅ በተለመደው ምርመራ ኬሚካሉ ለአዋቂ ዶሮ አንዴ ይሰጥና አረማመዷ 21 ቀን ይታያል። በመጨረሻ አንጎሏ፣ ሕብለ ሰረሰሯና ነርቮቿ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። አድካሚ ነው፤ ለዶሮዋም ጭካኔ ነው።

ሳህን ላይ የሚያድጉ የሰው ነርቭ ሕዋሳት ፈጣን ናቸው። ኬሚካሉ ኤን ቲ ኢ የሚባለውን የነርቭ ኤንዛይም (መታገዱ ከዚህ የእግር መስለል ጋር የሚያያዘውን) ምን ያህል እንደሚያግድ በአጭር ጊዜ ይለካል። ብዙ ኬሚካሎችን በአንዴ ለማጣራት እኔ ሳህኑን እመርጣለሁ።

ግን ሳህን ጉበት የለውም። ያ የዝንጅብሉ መርዝ ደግሞ ዋና ጉልበቱን የሚያገኘው ሰውነት ውስጥ ተለውጦ ነው፤ በተለይ ጉበት ውስጥ። የጉበት ኤንዛይም ካልተጨመረ ሳህኑ «ደህና ነው» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ላይ ዶሮዋን አምናለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ጓያ እግር እንደሚያሰናክል የኛ ገበሬ ያወቀው ያለ ዶሮም ያለ ሳህንም ነው። በራሱ እግር ከፍሎ።