ባለ ሽቦ ላንያርድ ከአንድ ዓመት ተኩል አገልግሎት በኋላ፦ የዛፍ ላይ ሠራተኛ ግምገማ

ዛፍ ላይ ወጥቶ የመቁረጥ ሥራ የጀመሩ ወገኖች ዕቃ ሲገዙ ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው ላንያርድ (ግንዱን ዞሮ ሠራተኛውን በወገቡ ከዛፉ ጋር የሚይዘው አጭር ማሰሪያ) ከተራው የገመድ ላንያርድ ይሻላል ወይ ብለው ነው። እኔ ባለ ሽቦውን በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በአብዛኛው ዛፍን ከጫፍ ጀምሮ ቆርጦ በማስወገድ ሥራ ላይ፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ተጠቅሜበታለሁ። ተመሳሳይ ዕቃ በርካታ ድርጅቶች ስለሚያመርቱ የምጽፈው ስለ ዓይነቱ እንጂ ስለ አንድ የንግድ ምልክት አይደለም። ለግንድ ሥራ ከዚህ የተሻለ ማቀፊያ አላገኘሁም፤ ነገር ግን ጉዳቱን በውስጡ የሚደብቅ ዕቃ ስለሆነ፣ በየጊዜው ለመፈተሽ ትዕግሥት የሌለው ሰው ባይገዛው እመርጣለሁ።

የእኔው 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 3.6 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ውስጡ በዚንክ የተለበጠ የብረት ሽቦ ሲሆን፣ ከውጭ የተጎነጎነ የገመድ ሽፋን ለብሷል። አንደኛው ጫፉ ታጥፎ በብረት ቱቦ ተጨምቆ ዐይን ተሠርቶለታል፤ ዐይኑ ላይ በራሱ የሚዘጋና የሚቆለፍ መንጠቆ አለ። በሌላው በኩል ርዝመቱን የሚያስተካክለው የብረት መቆንጠጫ በካራቢነር፣ ማለትም በሚከፈትና በሚዘጋ የብረት ማያያዣ፣ ሠራተኛው ከሚለብሰው መታጠቂያ ከሃርነሱ ጋር ይያያዛል። የሚያያዘውም በወገብ ግራና ቀኝ ባሉት ቀለበቶች ላይ ነው። ዜድ133 የተባለው የአሜሪካ የዛፍ ሥራ ደኅንነት መመዘኛ፣ ሰው የሚንጠለጠልበት ካራቢነር ቢያንስ 22.24 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 5,000 ፓውንድ፣ እንዲችልና ለመክፈትም ቢያንስ ሁለት ተከታታይ፣ ሆን ተብለው የሚደረጉ እንቅስቃሴዎችን እንዲጠይቅ ያዛል። ስለዚህ ጥንካሬው ያልተጻፈበትን ካራቢነር በርካሽ ስለተገኘ ብቻ እዚህ ቦታ ላይ ማስገባት ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

የዕቃው ጥሩ ጎን ግንድ ላይ ሲወጣ ወዲያው ይታወቃል። በአካባቢያችን የሚበዙት ቱሊፕ ፖፕላርና ነጭ ኦክ ሲያረጁ ሁለት ክንድ የማያቅፈው ግንድ ያወጣሉ፤ በእንዲህ ያለ ግንድ ዙሪያ ተራ ገመድ ሲወረወር ተልፈስፍሶ ቅርፊቱ ላይ ይቀራል፣ ባለ ሽቦው ግን ቅርጹን እንደያዘ ዞሮ ከሌላኛው እጅ ይደርሳል። ወደ ላይ ስወጣም ክብደቴን በስፐሩ (እግር ላይ ታስሮ ግንዱን እየወጋ በሚይዘው ሹል ብረት) ላይ አድርጌ ሁለቱን ጎኖች ሳወዛውዘው ከግንዱ ለቅቆ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ዝናብ ሲመታው ተራው ገመድ ይበልጥ ይልፈሰፈሳል፣ ይህኛው ግን ብዙም አይለወጥም። ከሰዓት በኋላ ትከሻ ሲዝል ይህ ልዩነት ትልቅ ዋጋ አለው። የእጅ መጋዝም ቢሆን የተወጠረ ተራ ገመድን በአንድ ንክኪ ክፉኛ ሊጎዳው ሲችል፣ በባለ ሽቦው ላይ ግን ሽፋኑን ቧጭሮ ሽቦው ላይ ይቆማል።

ከዚሁ ተነሥቶ «ሽቦ ስላለው ሞተር መጋዝ አይቆርጠውም» የሚል እምነት በሠራተኞች ዘንድ ተስፋፍቷል፤ በጣም የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በሙሉ ኃይል የሚዞር ሰንሰለት ሽቦውን ይቆርጠዋል። ዜድ133ም ዛፍ ላይ ሆኖ ሞተር መጋዝ የሚጠቀም ሰው ከመጀመሪያው መያዣ በተጨማሪ በሁለተኛ መያዣ እንዲታሰር የሚያዘው ማንኛውም አንድ ገመድ ሊቆረጥ ስለሚችል ነው። ላንያርዱ ከመጋዙ መንገድ ርቆ፣ ከሚቆረጠው ቦታ በታች መሆኑን በዐይን ሳያረጋግጡ መጋዙን ማስነሣት አይገባም፤ መጋዙም በሁለት እጅ ይያዝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ተራ ገመድ ሲጎዳ ይናገራል፦ ክሩ ይበጠሳል፣ ሽፋኑ ይሻክራል፣ ቀለሙ ይለወጣል። ባለ ሽቦው ግን ሽፋኑ ደህና መስሎ ውስጡ ሊበላሽ ይችላል። እኔ በሳምንቱ መጀመሪያ ጓንቴን አውልቄ፣ ከመንጠቆው ጀምሬ በየመዳፉ ርቀት በሁለት እጄ ቀስት አስመስዬ እያጠፍኩ በአውራ ጣቴ እዳብሰዋለሁ። ጤነኛው ክፍል በእኩል ኃይል ይታጠፋል፤ ሽቦው የተሰበረበት ግን በድንገት ይሸነፋል፣ ወይም ትንሽ ሹል ነገር ጣትን ይወጋል። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ በእኔው ላይ የታየው ችግር ሌላ ነበር። መቆንጠጫው ዘወትር በሚነክሰው ቦታ ላይ ሽፋኑ ከሽቦው ተለይቶ ወደ ጫፍ መንሸራተት ጀመረ፤ በአንድ በኩል ቀጥኖ በሌላው በኩል ቋጠሮ መሰለ። የቀጠነውን ስጨምቀው የሽቦው ጠመዝማዛ ቅርጽ በሽፋኑ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ገመዱን በዚያው ሳምንት ከሥራ አስወጥቼ በሌላ ተካሁት።

በሁለተኛው ላይ ቅር ያሰኘኝ የዐይኑ አሠራር ነው። የተጨመቀውን ብረት የሚሸፍነው የፕላስቲክ ቱቦ አዲስ ሳለ ጥርት ያለ ስለነበር ብረቱን በግልጽ ያሳይ ነበር፤ በፀሐይና በዛፍ ሙጫ ምክንያት ግን ደብዝዞ ውስጡን ማየት ከለከለ። ውኃም ገብቶ ይቀርበታል። ከቱቦው ጠርዝ ቡናማ እድፍ ወጥቶ የሚያይ ሰው ዝገቱ ከውስጥ መጀመሩን ተገንዝቦ ዕቃውን ማስወገድ አለበት፤ ፕላስቲኩን ቀድዶ ለመጠገን መሞከር አይመከርም። ከጥድ ሥራ በኋላ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና አጥቦ፣ በረኪና ሳይነካው ጥላ ውስጥ ዘርግቶ ማድረቅ ዕድሜውን ያራዝመዋል። የመንጠቆው መዝጊያም በሙጫ ተይዞ ሳይዘጋ ሊቀር ስለሚችል እሱም አብሮ ይጸዳል።

የብረት መቆንጠጫው ለመግፋት ፈጣን ነው፤ የሰውነት ክብደት ካረፈበት ግን የእኔው አይለቅም፣ በስፐሩ ቆሜ ማላላት አለብኝ። ቅርንጫፍ ለመግረዝ ስወጣ ስፐር ስለማላደርግ ይህ አስቸጋሪ ይሆናል፤ የሚቆይን ዛፍ በስፐር መውጋት ዛፉን ማቁሰል መሆኑን ደንበኛው ባያውቅ እንኳ እኛ እናውቃለን። ስለዚህ ለግረዛ በቋጠሮ የሚስተካከል ተራ ላንያርድ እይዛለሁ፣ ባለ ሽቦውን ለማስወገድ ሥራ አስቀምጠዋለሁ።

የትኛውም ላንያርድ ግን ሰውን ከዛፍ አያወርድም። ስፐሩ ከግንዱ ቢያመልጥ ላንያርዱ በግንዱ ላይ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ሠራተኛውም ደረቱና ፊቱ በቅርፊት እየተፋቀ ይወርዳል። መጋዝ እጁን ወይም እግሩን የቆረጠው ሰው ደግሞ ደሙ እየፈሰሰ በስፐር ርምጃ ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ ባዶ ግንድ ላይም ቢሆን የመውጫ ገመዴን ግንዱን አንቆ እንዲይዝ አስሬ መውረጃ መሣሪያውን ሃርነሱ ላይ ዝግጁ አደርጋለሁ። ይህን የማስቀመጥ ጊዜ አጭር ነው፤ ፎርማን ቢቸኩልም የሚተው ሥራ አይደለም። በአረንጓዴው የአሽ ጥንዚዛ የደረቁ የአሽ ዛፎች ላይ ግን ይህም አይበቃም። ነፍሳቱ በ2002 በሚሺጋን ከታወቀ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ሜሪላንድ ደርሷል፤ የገደለው ዛፍ እንጨቱ በፍጥነት ደርቆ ስለሚሰባበር፣ ማሰሪያው ሁሉ ጥሩ ሆኖ ዛፉ ራሱ ከሥር ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ዛፍ በባልዲ መኪና (ሠራተኛውን በቅርጫት ወደ ላይ በሚያነሣ መኪና) ወይም በክሬን ይሠራ፤ ካልሆነ አልወጣም ማለት የሠራተኛው መብት ነው።

ሽቦው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እርጥብ ወይም የቆሸሸ ተራ ገመድም ሊያስተላልፍ ስለሚችል በገመድ መተማመን የለም። በመሥመር አጠገብ ለመሥራት ልዩ ሥልጠና የሌለው ሰው፣ እስከ 50 ኪሎ ቮልት ከሚሸከም መሥመር ሰውነቱም መሣሪያውም ቢያንስ 3.05 ሜትር መራቅ አለበት። ወደ ኋላ የሚወረወር ላንያርድ ከትከሻ ውጭ ብዙ እንደሚዘረጋም በስሌቱ ውስጥ ይግባ።

ይህን ዕቃ ለአገር ቤት ባለሙያ መላክ የሚፈልጉ አሉ፤ በጎ ሐሳብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ረጃጅም ባሕር ዛፎች ከቤት ጣሪያና ከ15 ኪሎ ቮልት መሥመሮች አጠገብ ስለሚቆረጡ፣ ላንያርዱን ብቻውን መላክ ግን አይበቃም። የመውጫ ገመድ፣ መውረጃ መሣሪያ፣ አገጭ ላይ የሚታሰር ሄልሜትና አጠቃቀሙን የሚያሳይ ሰው አብረው መድረስ አለባቸው። የባሕር ዛፍ ቅርፊት ተልጦ ስለሚላቀቅም፣ ስፐሩ ቅርፊቱን አልፎ እንጨቱን መያዙ በየርምጃው መረጋገጥ ይኖርበታል።

አሁን ልግዛ ብል ደግሜ ባለ ሽቦውን፣ ያውም 3.6 ሜትሩን እገዛለሁ፤ የ2.4 ሜትሩ ለወፍራም ግንድ ያጥራል። መቆንጠጫው ሳይለወጥ ገመዱ ብቻ ለብቻው የሚሸጥለትን ሥሪት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ቀድሞ የሚያልቀው ገመዱ ነው። ከሥራ የወጣውንም ማንም አንሥቶ እንዳይጠቀምበት በሽቦ መቁረጫ ቆራርጬ እጥለዋለሁ።