የዓይን ምስክርና የሴራ ማስረጃ በግድያ ችሎት

በግድያ ክስ የዓይን ምስክር ማን እንደተኮሰ ሲናገር፣ የሴራ ማስረጃ ግን ከተኩሱ በፊት ማን ከማን ጋር እንደተስማማ ማሳየት ይጠበቅበታል። የዓይን ምስክር በቀላሉ ያሳምናል፤ ሆኖም የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በጥያቄው ውስጥ አንድ ግስ መቀየሩ ብቻ የመኪና ግጭት ፊልም ያዩ ተመልካቾች ስለ መኪኖቹ ፍጥነት የሰጡትን ግምት ለውጧል፤ ጨለማ፣ ርቀትና የተደገነ ሽጉጥ ሲጨመሩበትማ ስህተቱ ይብሳል። ሴራ በአንጻሩ እምብዛም ተመልካች ስለሌለው፣ ዐቃቤ ሕግ የስልክ ጥሪዎችን፣ የገንዘብ ዝውውርንና የመሣሪያ ግዢን አገጣጥሞ ስምምነቱን ያስረዳል። ከግድያው በፊት የተደረገ የሁለት ደቂቃ ጥሪ ግን መደዋወላቸውን እንጂ የተባባሉትን አይገልጽም። ይህን ክፍተት ብዙውን ጊዜ የሚሞላው ቅጣት እንዲቀልለት የሚመሰክር ተባባሪ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝም እሱ ነው፤ የዓይን ምስክሩ በቅንነት ሊሳሳት ይችላል፣ ተባባሪው ግን የሚዋሽበት ምክንያት አለው።