ከሩት ካናል በኋላ ክራውን በጥንቃቄ ለሚያጣብቁልን ሐኪምና ረዳታቸው ምስጋና (ደብረ ማርቆስ)

ይህ ምስጋና ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ሩት ካናል (የጥርስን ነርቭ አውጥቶ የሥሩን ቦይ አጽድቶ መሙላት) ለተሠራላቸው ጥርሶች ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ) ለሚሠሩ አንዲት የጥርስ ሐኪምና ለረዳታቸው ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንጠቁማለን። እኛም በዚሁ ሙያ ያለን ነን፤ የምናመሰግናቸው ሥራቸውን መርምረን ነው።

ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ውስጡ ነርቭ የለውም። በክራውኑ ጠርዝ ምራቅ ቢሰርግ፣ ውስጥ ውስጡን ቢበሰብስም፣ ቀዝቃዛም ሙቅም አይሰማውም። ባለቤቱ የሚነቃው አፉ መጥፎ ጣዕም ሲያመጣ፣ ድዱ ሲያብጥ ወይም ክራውኑ ከነጉቶው ተሰብሮ ሲወጣ ነው። ያኔ ባክቴሪያው በሥሩ ውስጥ የተሞላውን ጉታፐርቻ (ጎማ መሰል መሙያ) አልፎ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ሩት ካናሉን ከመጀመሪያው መድገም ይመጣል፣ ሲብስም መንቀል። ከሕክምናው ሁሉ ሊቸኮልበት የማይገባው ክራውኑ የሚጣበቅበት ሰዓት ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ሐኪሟ ጥርሱን ከመሞረዳቸው በፊት የተረፈውን ጤናማ ክፍል ይለካሉ። ክራውኑ ዙሪያውን ከድድ በላይ ቢያንስ 1.5፣ ቢቻል 2 ሚሊ ሜትር ጤናማ ጥርስ ማቀፍ አለበት። ያን ያህል ካልተረፈ «ይህ ጥርስ ክራውን አይሸከምም» ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ገንዘብ ይዞ ለመጣ ሰው ይህን መናገር ቀላል አይደለም፤ ከምንም በላይ የምናከብራቸው በዚህ ነው። ልኩ ላቦራቶሪ ሄዶ እስኪመለስም የጥርሱ ቀዳዳ በጊዜያዊ ሙሌት ብቻ የሚዘጋ ከሆነ ውፍረቱን ከ4 ሚሊ ሜትር አያሳንሱም፤ ከሳሳ ምራቅ ያሳልፋል። ክራውኑ በመጨረሻ የሚጣበቀው በሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ማጣበቂያ) ከሆነ ደግሞ ዩጂኖል ያለበትን ጊዜያዊ ማጣበቂያ አይጠቀሙም። ዩጂኖል የቅርንፉድ ዘይት ዋና ክፍል ነው፤ ቅሪቱ ሬዚኑ በደንብ እንዳይጠነክር ያደርጋል።

ክራውኑ ሲደርስ መጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ ይሞከራል። ግራና ቀኙን በጥርስ ክር፣ ጠርዙን በቀጭን ሹል መሣሪያ፣ ንክሻውን በቀለም ወረቀት ይፈትሻሉ። ክሩ ጠበቅ ብሎ ማለፍ አለበት። አልገባ ካለ ክራውኑ ጎረቤቱ ላይ ተደግፎ ወደ ታች አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ሰተት ካለም ሥጋ እየተሰነቀረ ድዱን ያቆስላል። ከፍ ያለ ክራውን ግን ነርቭ ባይኖርም ሲነክሱበት ያምማል፣ ሥሩን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ሕያው ነውና።

ከዚያ ጥርሱ ከጊዜያዊው ማጣበቂያ ቅሪት ጸድቶ በፓሚስ ዱቄት (ደቃቅ ማጽጃ ድንጋይ) እና በውሃ ይታሻል። ብዙ ቦታ የሚሳተው የክራውኑን ውስጥ ማዘጋጀት ላይ ነው። የዚርኮንያ (ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ) ክራውን አፍ ውስጥ ሲሞከር፣ ማጣበቂያው በደንብ እንዳይይዝ የሚያደርግ የምራቅ ፎስፌት ይጣበቅበታል፤ በፎስፎሪክ አሲድ ማጠብ ደግሞ ራሱ ፎስፌት መጨመር ነው። እሳቸው 50 ማይክሮን የአሉሚና ብናኝ በዝቅተኛ ግፊት ይነፉበትና ኤምዲፒ ያለበት ፕራይመር (ዚርኮንያውን ከማጣበቂያው የሚያያይዝ ቅብ) ይቀባሉ። ብረት ላይ ሸክላ የለበሰ ክራውን ሲሆን፣ ጥርሱ በቂ ቁመት ካለው፣ ግላስ አዮኖመር (ከዱቄትና ከፈሳሽ የሚበጠበጥ ማጣበቂያ) ይበቃል።

ረዳታቸውን ለብቻ እናመስግናት፤ ይህን ሥራ የሚያመሰግን የለም። የማጣበቂያውን ዱቄት በራሱ ማንኪያ ትለካለች፣ የፈሳሹ ጠብታ እኩል እንዲሆን ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋ ገልብጣ ትጥላለች። ውህዱ ማብረቅረቁን ካጣ ትደፋውና ሌላ ትበጠብጣለች፤ የፈዘዘ ውህድ ጥርስ ላይ አይይዝም። ክራውኑን አትሞላውም፣ የውስጥ ግድግዳውን በስሱ ትቀባለች እንጂ፤ የተሞላ ክራውን ማጣበቂያው ማምለጫ አጥቶ ከፍ ብሎ ይቀራል። ሐኪሟ በጣታቸው አጥብቀው ተጭነው ጥጥ ሲያስነክሱ፣ እሷ እስኪጠነክር ድረስ ምራቅ መምጠጧን አታቆምም። ግላስ አዮኖመር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምራቅ ከነካው ጠርዙ ላይ ይሟሟል።

ትርፉ እንደ ጎማ ሲሆን ይነሣል፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ቋጠሮ ባለው ክር ወደ ጎን ተስቦ ይወጣል። ከድድ በታች የቀረ ፍርፋሪ ድዱን እያደማ ይኖራልና በራጅ አይተው ነው የሚያሰናብቱት።

ከብቸና፣ ከሞጣ፣ ከደጀን የምትመጡ፣ ሩት ካናሉ ሌላ ቦታ ከተሠራ ራጁን ይዛችሁ ኑ። በተጣበቀበት ቀን በዚያ በኩል ቆሎና ማስቲካ አይታኘክም። የድሮ ክራውን የወለቀበት ሰው በሱፐር ግሉ እንዳይለጥፈው፤ ክራውኑን አጥቦ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይምጣ። ሥሩ ለምራቅ ተጋልጦ ሳይቆይ ከደረሰና ጉቶው ካልበሰበሰ ያንኑ ክራውን አጽድተው መልሰው ሊያጣብቁት ይችላሉ።