የግራናይት ክብ ጠርዝ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

የኪችን ግራናይት ለማሠራት መርካቶና ተክለሃይማኖት የምትወርዱ፣ ሂሳቡ የሚበላሸው ድንጋዩ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው። ድንጋዩ በካሬ ይሸጣል፣ ክብ ጠርዝ ግን በሜትር ርዝመት ለብቻው ይታሰባል፤ አንዳንዱ ቆራጭ ታዲያ ዙሪያውን በሙሉ ለክቶ ይጠይቃችኋል። 3 ሜትር በ60 ሳንቲም የሆነ ግራናይት ዙሪያው 7.20 ሜትር ነው። ጀርባውም ግራና ቀኙም ግድግዳ ከሆነ ግን የሚታየው የፊቱ 3 ሜትር ብቻ፣ አንድ ጎኑ ክፍት ከሆነ ደግሞ 3.60 ነው። ከዚያ በላይ አትክፈሉ።

ቀጥሎ ያለው ጉድ ማለስለሱ ነው። ጠርዝ በውሃ እየራሰ፣ ከሻካራው ማለስለሻ ተነስቶ ቁጥር 50፣ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1500፣ 3000 እያለ በተራ ይወለወላል። አንዳንድ ቆራጮች 400 ላይ ያቆሙና የቀረውን በሰም ወይም በቀለም ይሸፍኑታል፣ በተለይ ድንጋዩ ጥቁር ከሆነ። ሱቅ ውስጥ ያብረቀርቃል፤ ቤት ገብቶ በሳሙና ሲታጠብ ግራጫ ይሆናል። ነጭ ጨርቅ አሴቶን (ቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ) ውስጥ ነክራችሁ ጠርዙን እሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ወይም ጠርዙ ከፈዘዘ አትረከቡ።

«ወፍራም ነው፣ 4 ሳንቲም» የሚሏችሁ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 2 ሳንቲም ድንጋይ ከሥሩ ቁራጭ ተለጥፎበት ነው። መለጠፉ ነውር የለውም፤ ቁራጩ ከሌላ ድንጋይ ሲመጣ ነው ክቡ መሃል ላይ የማስቲሽ መስመር ተጋድሞ የሚቀረው።

ከላይም ከታችም የከበበ ሙሉ ክብ ጠርዝ ለኪችን ባይሆን ይሻላል። የፈሰሰ ውሃ ክቡን ተከትሎ ወደ ሥር ይዞርና የቺፕውዱን በር ያሳብጠዋል። የላይኛውን ብቻ ክብ አሠሩት፣ የታችኛው ቀጥ እንዳለ ይቅር። ግራናይቱ ከካቢኔቱ 2 ወይም 3 ሳንቲም ይውጣ፤ ከሥሩም ውሃው እዚያው እንዲንጠባጠብ ቀጭን ቦይ ይውጣለት።

ማንም የማይጠይቀው ክብ ግን ዋናው ነው፦ የሲንኩ ቀዳዳ የውስጥ ማዕዘን። በግራይንደር ብቻ ሲቆርጡት ዲስኩ ማዕዘኑን አልፎ ይገባል፣ ስንጥቁም ከዚያች ጭረት ይነሳል። መጀመሪያ አራቱም ማዕዘን በትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ይበሳ፣ ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይቆረጥ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አጋድመው ከተሸከሙት ደግሞ ከሲንኩ ፊት ያለችው ቀጭን ክፍል ትሰበራለች፤ በቁሙ ይያዝ። ቢሰበር ማን እንደሚተካ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ቀሪው ሂሳብም ሲንኩ ገጥሞ ጠርዙ በአሴቶን እስኪታሽ እጃችሁ ላይ ይቆይ።