ፕሮጀክተር፣ ስማርት ቦርድ ወይስ ታብሌት? ለአንደኛ ደረጃ የታሪክ ትምህርት መሣሪያ ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለታሪክ ትምህርት የሚያግዝ መሣሪያ ለመግዛት ሲነሣ፣ ሻጮች በብዛት የሚያቀርቡለት ፕሮጀክተር፣ ስማርት ቦርድ (በጣት የሚነካ ትልቅ ስክሪን)፣ ታብሌትና ዓይን ላይ ታስሮ ተመልካቹን ምስሉ ውስጥ ያለ የሚያስመስለውን የቪአር መነጽር ነው። የዋጋ ልዩነታቸው ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ከዋጋው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠው ልጅ ምን ያያል፣ ምንስ ይሠራል የሚለው ነው።

ጽሑፍ ያለበትን ምስል በቀላሉ ለማንበብ ተመልካቹ ከምስሉ ቁመት ስድስት እጥፍ በላይ ባይርቅ ይመረጣል የሚል የተለመደ መመዘኛ አለ። ባለ 65 ኢንች ስማርት ቦርድ ቁመቱ 81 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ ከ5 ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠ ተማሪ የካርታውን የቦታ ስሞች ለማንበብ ይቸገራል፤ ባለ 86 ኢንቹም ቢሆን የሚደርሰው እስከ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በአንጻሩ 2 ሜትር ስፋትና 1.25 ሜትር ቁመት ያለው ምስል የሚያወጣ ተራ ፕሮጀክተር እስከ 7 ሜትር ተኩል ድረስ ይነበባል። 50 እና 60 ተማሪ በሚማርበት ክፍል ይህ ልዩነት ሁለት ረድፍ ሙሉ ተማሪ ማለት ነው።

የፕሮጀክተር ጠላቱ ብርሃን ነው። ከ3,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) በታች የሆነው መጋረጃ በሌለው ክፍል ውስጥ ረፋዱ ላይ ምስሉ ስለሚደበዝዝ፣ የመጋረጃው ወጪ ከመሣሪያው ጋር አብሮ መታሰብ ይኖርበታል። አምፖሉም ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዓት ከሠራ በኋላ የሚቀየር በመሆኑ ምትኩ በአገር ውስጥ መገኘቱን ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም፤ ባለ ሌዘሩ ግን ዋጋው ከፍ ቢልም 20,000 ሰዓት ያህል ያገለግላል።

ስማርት ቦርድ ብልጫ የሚኖረው ልጆቹ ራሳቸው ሲነኩት ነው። ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. የቆመውን 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የአክሱም ሐውልት ፎቶግራፍ እንውሰድ። መምህሯ ግርጌውን አቅርባ ስታሳይ አንዱ ልጅ ወጥቶ የተቀረጸውን በር በጣቱ ያከብባል፤ ሌላዋ ከበሩ በላይ የተደረደሩትን መስኮቶች እየነካች ወደ ላይ ትቆጥራለች፤ ከኋላ ደግሞ «በሩ ይከፈታል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሐውልቱ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ነው። ታዲያ የማይከፈት በር ለምን ተቀረጸ? ለአራተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የተሻለ የታሪክ መግቢያ አላውቅም። ይሁንና ይኸው ሥራ በፕሮጀክተርም ይቻላል፤ ምስሉ በነጭ ሰሌዳ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ልጁ በማርከር ቢያከብበው፣ ጥላው ምስሉን ከመሸፈኑና ሰሌዳው ከማንጸባረቁ በቀር የሚጎድል ነገር የለም። የዋጋው ልዩነት ደግሞ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ በጀቱ ጠበብ ላለና ተማሪው ለበዛ ትምህርት ቤት ምርጫዬ ፕሮጀክተር ነው፤ ስማርት ቦርድ የሚያዋጣው በክፍል ከ30 የማይበልጥ ተማሪና አስተማማኝ መብራት ላለው ነው።

(በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ያስታወሰ ሰው፣ ምስሉ በራሱ ፍጥነት ሲሮጥ መምህሩ ዳር ቆሞ እንደነበር አይዘነጋም። የሚገዛው መሣሪያ መምህሩ ባሻው ሰዓት የሚያቆመው መሆን አለበት።)

ታብሌት መብራት ሲጠፋ ሌሎቹን ሁሉ ይበልጣል፤ ቻርጁ ለሰዓታት ይቆያል፣ እንደ ኮሊብሪ ያሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ፕሮግራሞችም አሉለት። ችግሩ ለልጆች ደረጃ በአማርኛ የተዘጋጀ የታሪክ ይዘት ማነሱና ሃምሳ ታብሌት ቻርጅ ማድረግ፣ መቆለፍና መቁጠር ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑ ነው። ለሁሉም ልጅ ከመግዛት ይልቅ አምስት ወይም ስድስት ገዝቶ ልጆች በቡድን እየሆኑ የአካባቢያቸውን አረጋውያን ድምፅ እንዲቀዱበት ማድረግ የተሻለ ነው፤ የሠፈራቸውን ታሪክ የያዘ መተግበሪያ ከየትም ተገዝቶ አይመጣምና።

የቪአር መነጽሩን በአጭሩ ልለፈው። ጉግል ለትምህርት ቤቶች ያቀረበው ኤክስፔዲሽንስ የተባለው መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ተቋርጧል፤ ለእርሱ ተብሎ መነጽር የገዛ ሁሉ ሌላ ይዘት መፈለግ ግድ ሆኖበታል። የሜታ መነጽር ደግሞ ከ10 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስለማይፈቀድ የታችኞቹ ክፍሎች ከመነሻው ውጭ ናቸው። ቅርስን በሦስት አቅጣጫ ማሳየት ከተፈለገ በነጻ የሚገኝ መንገድ አለ፤ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው የድንቅነሽ የትከሻና የጉልበት አጥንቶች ባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ፋይሎች ለሕዝብ ስለተለቀቁ፣ መምህሩ አውርዷቸው በላፕቶፕና በፕሮጀክተር እያዞረ ሊያሳይ ይችላል።

ከክፍያ በፊት ሁለት ነገር ይፈተሽ። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ከውጭ የሚመጡ የታሪክ ፕሮግራሞች የዐድዋን ድል በ1896 ስለሚያስቀምጡ፣ 1888 ብሎ የተማረው ልጅ ሁለት ጦርነት ያለ ይመስለዋል፤ ዓመቱን መምህሩ ራሱ ማስተካከል የሚችልበት ፕሮግራም ይመረጥ። ሁለተኛው ፊደል ነው። በአማርኛ የተጻፈ አንድ የትምህርት ገጽ በፍላሽ ይዞ ሄዶ በሚገዛው መሣሪያ ላይ በራሱ መክፈት ይገባል፤ በሻጩ ላፕቶፕ ላይ ጥሩ ሆኖ የታየው ጽሑፍ በስማርት ቦርዱ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከወጣ፣ ፊደሉን የመጫኑ ኃላፊነት የሻጩ መሆኑ በውሉ ላይ ይስፈር።