«ስ ሱቭኒር» ወይስ «ስ ራፕሌ»?

ሁለቱም በፈረንሳይኛ «ማስታወስ» ናቸው። ሁለቱም እንደ ባለቤቱ «ም»፣ «ት»፣ «ስ» የሚሉትን ተውላጠ ስሞች ከፊታቸው ያስቀድማሉ። የቱን እንያዝ?

እርባታ፦ «ራፕሌ» ይቀላል፤ መደበኛ ግስ ነው ማለት ይቻላል። «ሱቭኒር» ግን እንደ «ቭኒር» (መምጣት) ይቀያየራል፦ «ዠ ም ሱቪየን» (አስታውሳለሁ)።

መስተዋድድ፦ ጣጣው እዚህ ጋ ነው። «ሱቭኒር» ከስም በፊት «ድ» ከሚለው መስተዋድድ ውጪ አይሄድም። «ራፕሌ» በሰዋስው ሕግ «ድ» አያስፈልገውም። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ሲያወሩ ይጨምሩበታል፤ እናንተ ግን ፈተና ላይ እንዳትሞክሩት!

«አስታውስሃለሁ» ለማለት ምርጫ የለም፦ «ዠ ም ሱቪየን ድ ትዋ»። «ራፕሌ» እዚህ አይሠራም።

ለዕለት ተዕለት ወሬ «ሱቭኒር» ይበቃል። ስም ወይም ቀን አስቦ ለማምጣት፣ በተለይ በጽሑፍ፣ «ራፕሌ» ደህና ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ «ዠ ማን ሱቪየን»ን እንዳለ ሸምድዱት፤ «አስታውሰዋለሁ» ማለት ነው።