የቢሮአችንን ራውተር አስተካክሎ ቁልፉን ላስረከበን ባለሙያ ምስጋና

ሜክሲኮ አካባቢ ባለች አነስተኛ የሂሳብ ሥራ ቢሮ ውስጥ 9 ሆነን እንሠራለን። የ27 ደንበኞቻችን መዝገብ በአንድ ሰርቨር ላይ ነው ያለው፤ የደመወዝ ዝርዝር፣ የቫት ሰነድ፣ የባንክ ማስታረቂያ፣ ሁሉም። ይህን የማነሳው ነገሩ ለምን እንዳስደነገጠኝ እንድትረዱልኝ ነው።

ጥር ላይ ኢንተርኔታችን መንቀራፈፍ ጀመረ። ሠራተኞቻችን ጠዋት ሰርቨሩ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ደግሞ «አካውንቱ ተቆልፏል» ይላቸዋል። ራውተሩን ከፍተን እንዳናይ የይለፍ ቃሉ እኛ ዘንድ የለም፤ ቀድሞ ከዘረጋልን ሰው ጋር ቀርቷል፣ ስልኩም አይነሳም። በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለን ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህን ልጅ የጠቆመችኝ።

ልጁ መጥቶ ራውተሩን ከመንካቱ በፊት የሰርቨሩን የመግቢያ መዝገብ ከፍቶ አሳየኝ። ሌሊቱን ሙሉ ከማናውቃቸው አድራሻዎች፣ «አድሚኒስትሬተር» በሚለው ስምና በእኛው ሠራተኞች ስም፣ የይለፍ ቃል ሲሞከር አድሯል። «ጋሼ፣ ይሄን በር ማን ከፈተው?» አለኝ። ለካ ከቤት ሆነን እንድንሠራ ተብሎ የሪሞት ዴስክቶፑ (ሰርቨሩን ከሩቅ ሆኖ የሚያሠራው ፕሮግራም) ፖርት፣ ማለትም የመግቢያ በሩ፣ ቁጥር 3389፣ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ተመርቶ ለመላው ዓለም ክፍት ኖሯል።

በዚያው ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝን እስከዛሬ አልረሳውም። የቢሮአችን ኮምፒውተሮች 192.168 ብሎ የሚጀምር የውስጥ አድራሻ አላቸው። ወደ ውጭ ሲወጡ ራውተሩ በአንዱ የውጭ አድራሻ ይተካላቸዋል፤ ማን ምን እንደጠየቀ መዝግቦ ስለሚይዝም መልሱን ለጠያቂው ያደርሳል። ናት የሚሉት ይህ ነው። ማንም ሳይጠራው ከውጭ የመጣ ግን መዝገቡ ላይ ስለሌለ ወደ ውስጥ የሚያስገባው የለም፤ ፖርት ፎርዋርድ ካልተደረገለት፣ ማለትም በሩ አስቀድሞ ወደ አንድ ኮምፒውተር ካልተመራለት በቀር። «ግን ናት ስላለ ብቻ ተጠብቀናል እንዳትሉ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣራው ፋየርዎል ለብቻው መሠራት አለበት» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

የመስመሩን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ከአገልግሎት ሰጪው አስመጥቶ ራውተሩን ከባዶ ጀመረ። ሞደሙም ራውተሩም ሁለቱም ናት ይሠሩ ስለነበር ሞደሙን ብሪጅ (መስመሩን አሳላፊ ብቻ) አድርጎ ሥራውን ለራውተሩ ብቻ ተወለት። 3389ን ዘጋ። ከቤት የሚሠሩት አሁን በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር፣ ይገባሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ ስላለው ሰው ሲለቅ የሱን ብቻ መሰረዝ ነው። ፕሮግራሞች ሳያስፈቅዱ ፖርት የሚከፍቱበትን ዩፒኤንፒም አጠፋ። ራውተሩን ከውጭ ሆኖ ማስተዳደር እንዳይቻል አደረገ፣ ፈርምዌሩን (የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር) አሳደሰ፣ የእንግዳውን ዋይፋይ ከሥራው ለየ። የካሜራዎቹ መቅጃ በፋብሪካ የይለፍ ቃሉ መቅረቱን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የማረከው እንዲህ ባሉ የይለፍ ቃሎች መሆኑን የሰማሁት ከሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን የመጨረሻው ነው። አዲሱን የይለፍ ቃል ራሴ እንድጽፍ አድርጎ እሱ ፊቱን አዞረ። የትኛው ፖርት ለምን እንደተከፈተና እንደተዘጋ በአማርኛ ጽፎ፣ ከራውተሩ ባክአፕ ጋር በፍላሽ አስረከበኝ። «ነገ እኔ ባልኖር ሌላ ሰው ይህን አይቶ ይቀጥላል» ነው ያለው። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያውቃል።

ሦስት ወር ሆነን። አካውንት መቆለፉ ቀርቷል፣ ኢንተርኔቱም ወደ ነበረበት ተመልሷል። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፣ እድሜና ጤና ይስጥህ!

ቢሮ ያላችሁ፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት የምታስተዳድሩ፣ ልጁን ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄው ስልኩን እልክላችኋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመርጣል፤ ሠራተኛ ሥራ ላይ እያለ መስመር ማቋረጥ አይወድም።